አብዬ፦ በብሔር ግጭት መሃል የሚቆም ጦር ምን ማወቅ አለበት?

እ.ኤ.አ. በጁን 2011 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ያልተለመደ ውሳኔ አሳለፈ። ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡባት በአብዬ እስከ 4,200 የሚደርስ ሰላም አስከባሪ ጦር እንዲሰማራ ፈቀደ። ወታደሮቹ ከሞላ ጎደል በሙሉ የመጡት ከአንድ አገር ነው፤ ያውም ከጎረቤት። ከኢትዮጵያ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ አብዬ ለኛ ሩቅ አገር አይደለችም። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ወይም አባቱን ወደዚያ ሸኝቷል። በሬሳ ሳጥን የተመለሱም አሉ። እንደዚያም ሆኖ፣ እዚያ ምን እንደተሠራና ምን እንዳልተሳካ በአማርኛ ብዙ አልተጻፈም። ይህ ያሳዝነኛል።

የብሔር ግጭት ለጦር ዕቅድ ለምን እንደሚያስቸግር ለማየት ከአብዬ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የኔ እምነት ይሄ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚሰማራ ጦር ዕቅዱን መጀመር ያለበት ከሕዝቡ አኗኗር ነው፤ ከዝናቡ፣ ከከብቱ፣ ከገበያው። «እነ እገሌ ከእነ እገሌ ይጣላሉ» የሚል ካርታ ብቻ ይዞ የሄደ ጦር፣ ሰልፉ ሲለወጥ ዓይኑ እያየ ይቀደማል። በአብዬ የሆነው ይኸው ነው።

ከብቶቹና ወንዙ

አብዬ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ የምትበልጥ ሜዳማ ምድር ናት። ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩባት ንጎክ ዲንካዎች ናቸው። ያርሳሉ፣ ከብትም ያረባሉ። በበጋ ደግሞ ሚሴሪያዎች ይመጣሉ። ሚሴሪያዎች ዐረብኛ ተናጋሪ፣ ሙስሊም ከብት አርቢዎች ናቸው። አገራቸው ከአብዬ በስተሰሜን፣ በምዕራብ ኮርዶፋን፣ ሙግላድ በሚባል አካባቢ ነው። ዝናቡ ሲያበቃ እዚያ ሣሩ ይደርቃል፣ ውኃው ይጠፋል። ስለዚህ ከኖቬምበር ገደማ ጀምሮ መንጋቸውን እየነዱ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። መድረሻቸው ዲንካዎች ኪር፣ ዐረቦች ባሕር ኤል ዐረብ የሚሉት ወንዝ ነው። በጋውን እዚያው ያሳልፋሉ። ዝናቡ ሲጀምር ጭቃውንና ዝንቡን ሸሽተው ይመለሳሉ።

አፋሩን፣ ሱማሌውን፣ ከረዩውን፣ ቦረናውን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ አኗኗር እንግዳ አይሆንበትም። ጠቡም እንዲሁ። ውኃ ላይ ይጣላሉ፣ ከብት ይሰረቃል፣ ሰው ይሞታል። ግን የሚዳኝ ሰው ነበር። ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የንጎኩ ዋና አለቃ ዴንግ ማጆክና የሚሴሪያው ናዚር ባቦ ኒሚር ተቀምጠው ነገር ይጨርሱ ነበር። ለጠፋ ነፍስ የደም ካሳ በከብት ይከፈል ነበር፤ እኛ ጉማ እንደምንለው ያለ ሥርዓት ማለት ነው።

ታዲያ ምን ተበላሸ? አጭሩ መልስ መንግሥት መሃል ገባ የሚል ነው። በ1905 በእንግሊዞች የሚመራው አስተዳደር ዘጠኙን የንጎክ ዲንካ ጎሳዎች ወደ ኮርዶፋን ክፍለ ሀገር አዛወራቸው። በኋላ ሰሜንና ደቡብ ጦር ሲማዘዙ ንጎኮች በሰሜን አስተዳደር ሥር ያሉ ደቡባውያን ሆነው ቀሩ። በ1972 የአዲስ አበባው ስምምነት የመጀመሪያውን የእርስ በርስ ጦርነት ሲያስቆም፣ ሕዝቡ ወዴት እንደሚሆን ድምፅ እንዲሰጥ የሚያስችል አንቀጽ ነበረው። አልተፈጸመም። በ1980ዎቹ ደግሞ የካርቱም መንግሥት ሙራሃሊን የሚባሉ የሚሴሪያ ታጣቂዎችን አስታጥቆ በዲንካ መንደሮች ላይ ለቀቃቸው። መንደር ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ፣ ሴትና ሕፃን ተወሰደ። የደም ካሳ ይችን ያህል ደም አይሸፍንም።

ነዳጅም አለ። በአካባቢው የነዳጅ ጉድጓዶች መኖራቸው ካርቱምንም ጁባንም ይበልጥ አጣበቃቸው። በ2005 የካርቱም መንግሥትና የደቡብ አማጺዎች ታላቁን የሰላም ስምምነት ሲፈርሙ አብዬ የራሷ ፕሮቶኮል ተሰጣት። በ2009 ሄግ የሚገኘው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ወሰኗን ወሰነ። የሚሴሪያዎች የግጦሽ መብትም እንዲጠበቅ አለ። በጃንዋሪ 2011 አብዬ ከሰሜን ወይስ ከደቡብ ትሁን የሚል ሕዝበ ውሳኔ ሊደረግ ታስቦ ነበር፤ ግን ቀረ። ድምፅ የሚሰጠው ማነው? በዓመት ግማሹን ብቻ እዚያ የሚያሳልፈው ሚሴሪያ የአብዬ ነዋሪ ይባላል ወይስ አይባልም? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ መልስ አላገኘም። በኦክቶበር 2013 ንጎኮች ብቻቸውን ድምፅ ሰጥተው ወደ ደቡብ ሱዳን ለመሄድ ወሰኑ። የተቀበላቸው መንግሥት ግን የለም።

የመጀመሪያው ፈተና

በሜይ 2011 የሱዳን ጦር አብዬን ያዘ። ከተማዋ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ከ100,000 በላይ ሰው ወደ ደቡብ ሸሸ። በከተማዋ የነበሩት የቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት የሱዳን ተልዕኮ ሰላም አስከባሪዎች ያን ጊዜ በአብዛኛው ከካምፓቸው አልወጡም። ሕዝቡ ይህን አልረሳውም። የኢትዮጵያ ጦር ሲገባ የወረሰው ይህን ቅሬታ ጭምር ነው።

በጁን 20 የካርቱም መንግሥትና የደቡቡ ወገን አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙ። ከሳምንት በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1990 ተልዕኮውን አቋቋመ። አዛዡ ሌተና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ነበሩ። ተልዕኮው ሲቪሎችን ለመጠበቅ ኃይል የመጠቀም ሥልጣን ተሰጠው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ኦገስት 2 ቀን፣ አንድ የቅኝት ቡድን ፈንጂ ረገጠ። አንድ ኢትዮጵያዊ ወዲያው ሞተ። ሦስት ደግሞ ክፉኛ ቆሰሉ። ቁስለኞቹን የሚያነሳ ሄሊኮፕተር ነበር። መብረር ግን አልተፈቀደለትም። የሰላም ማስከበር ኃላፊው አለን ለ ሯ በኋላ እንደተናገሩት፣ የሱዳን መንግሥት ያለ ፈቃድ ከበረረ እንደሚመታ አስጠንቅቆ ነበር። ሦስቱም ሕይወታቸው አለፈ።

ይህን ሳነብ አሁንም እቆጣለሁ። ለዕቅድ አውጪ ግን ትልቅ ትምህርት አለው። ሰላም አስከባሪ ጦር በሌላ አገር ፈቃድ ነው የሚኖረው። ስንቅ በየት ይገባል? ሄሊኮፕተር ማን ፈቅዶለት ይነሳል? ቁስለኛ በስንት ሰዓት ሆስፒታል ይደርሳል? መልሱ ወታደሩ ከመሰማራቱ በፊት በወረቀት መስፈር አለበት። በብሔር ግጭት ውስጥ ደግሞ ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት ራሱ ከአንዱ ወገን ጋር የቆመ ሊሆን ይችላል። ያኔ የበረራ ፈቃድ እንደ መሣሪያ ያገለግላል።

የጦር ዕቅድ በከብት አቆጣጠር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በአብዬ ታሪክ ውስጥ ትልልቆቹን ጥቃቶች በወር ደርድሯቸው። ከተማዋ መጀመሪያ የተቃጠለችውና ከ50,000 በላይ ሰው የተፈናቀለው በሜይ 2008 ነው። የሱዳን ጦር የገባው በሜይ 2011 ነው። የንጎኮች ዋና አለቃ የተገደሉት በሜይ 2013 ነው። የኮሎም መንደር እልቂት የደረሰው በጃንዋሪ 2020 ነው። የአጎክ ጥቃት በፌብሩዋሪ 2022፣ ከ50 ሰው በላይ የሞተበት ጥቃት በጃንዋሪ 2024። ሁሉም መሬቱ ለከብትም ለመኪናም በሚያራምድበት ወራት ወይም ዝናቡ ሊገባ ሲል የደረሱ ናቸው።

የአብዬ አፈር መረሬ ነው። ዝናብ ሲመታው መንገድ የሚባል ነገር ይጠፋል። ከባድ መኪና ይሰምጣል። ቅኝት በእግር ወይም በሄሊኮፕተር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አዛዡ ማወቅ ያለበት ሁለት ዓይነት አብዬ መኖሩን ነው። በክረምት ሚሴሪያው ሰሜን ነው፣ ንጎኩ እርሻው ላይ ነው፣ ጦሩም በያለበት ተወስኗል። በበጋ ሁለቱ ሕዝቦች አንድ ውኃ ላይ ይገናኛሉ፤ የታጠቀ ወጣት ከሁለቱም ወገን ይንቀሳቀሳል። «ለአብዬ ስንት ሻለቃ ይበቃል?» ብሎ የዓመት ቁጥር መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። ይልቅ በኖቬምበር የት እንሁን፣ በጃንዋሪ የት እንሁን፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ስንቅ የት እናስቀምጥ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የወታደር ቅያሬም መንጋው በሚወርድበት ወር ላይ መውደቅ የለበትም። አገሩን የማያውቅ አዲስ ሻለቃ በዓመቱ አስቸጋሪ ወር ሲገባ፣ መንገድ እስኪለምድ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ የሰው ነፍስ ያስከፍላል።

ተልዕኮው ይህን በጊዜ ተረድቶታል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። በሁለቱ ሕዝቦች መሃል የሚለይ ቀጠና አበጀ። ጦሩ እዚያ ቀድሞ ይሰፍራል። መንጋው ከመውረዱ በፊት ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። መንጋው በየት ይለፍ፣ እስከየት ይድረስ፣ መሣሪያ ይያዝ አይያዝ፣ ያለፈው ዓመት ካሳ ተከፍሏል ወይ፣ ይባላል። ስምምነቱ ሁልጊዜ ላይሠራ ይችላል። የተነጋገሩበት ዓመትና ያልተነጋገሩበት ዓመት ግን አንድ አይደሉም።

እዚህ ላይ ወታደር ያልሆነ ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። የከብት ስርቆት በአብዬ የወንጀል ዜና ብቻ ተደርጎ አይታይም፤ የጦር መረጃ ነው። ለዲንካ ወጣት ከብት የጥሎሽ ገንዘቡ ነው። ከብት የሌለው አያገባም። ለሚሴሪያውም ሀብቱ፣ ክብሩ፣ የቤተሰቡ ጉሮሮ ነው። ከብት ሲነዳ የተነዳበት ወገን ወጣቶች ዱካ ተከትለው ይወጣሉ። ሌባውን ካላገኙ ያገኙትን ይመታሉ። በማግስቱ የተመታው ወገን ይነሳል። እንግዲህ የስርቆቱ ወሬ ለጦሩ የሚደርሰው በሰዓታት ውስጥ ከሆነ፣ ዱካውን ጦሩ ራሱ ተከትሎ ከብቱን የማስመለስ ዕድል አለው። በሁለተኛው ቀን ከደረሰ ግን የሚቆጥረው ሬሳ ነው። ስለዚህ ጥሩ አስተርጓሚ፣ የሞባይል ኔትወርክ የሚይዝበትን ጉብታ ማወቅ፣ ከከብት ጠባቂ ልጆች ጋር መተዋወቅ ከአንድ ብረት ለበስ መኪና አያንስም።

ከሴቶችም ጋር እንዲሁ። ውኃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚለቅሙት፣ ገበያ የሚወጡት እነሱ ናቸው። እንግዳ ሰው ሲያንዣብብ መጀመሪያ የሚያዩት እነሱ ናቸው። ሴት ወታደር የሌለበት የቅኝት ቡድን ይህን ወሬ አይሰማም።

ከዚህ ሁሉ ትልቁ ስኬት ግን ገበያ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2016 ከሁለቱ ሕዝቦች የተውጣጣ የጋራ የሰላም ኮሚቴ ተቋቋመ። አሚየት የሚባል ገበያም አደገ። የሰሜኑ ነጋዴ ስኳሩን፣ ዱቄቱን፣ ነዳጁን ይዞ ይመጣል። የደቡቡ ገዢ ይሰበሰባል። ከብትም ይሸጣል። አንዱ ሌላውን ከገደለ በማግስቱ ገበያው ይዘጋል፤ ገበያው ሲዘጋ ደግሞ የሁለቱም ልጆች ይራባሉ። ይህ ሽማግሌውን ከስብከት ይልቅ ያስገድደዋል። ስለዚህ አሚየትን መጠበቅ እንደ ልማት ያለ ትርፍ ሥራ ተደርጎ መታየት የለበትም። ዋና ወታደራዊ ግብ ነው።

ይህም ሆኖ ኮሎም ደረሰ። በጃንዋሪ 2020 ታጣቂዎች ያቺን የንጎክ መንደር አጥቅተው ከ30 በላይ ሰው ገደሉ፣ ቤት አቃጠሉ፣ ሕፃናት ወሰዱ። ሰላም አስከባሪው በአካባቢው ነበር። ሕዝቡ «የት ነበራችሁ?» አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጥሩ ሥርዓት ዘርግቶ አንድ ንጋት መቀደም ይቻላል፤ ለሞተው ሰው ቤተሰብ የሥርዓቱ ጥሩነት ምንም አይጠቅመውም።

አለቃው በመኪናው ውስጥ

የሜይ 4 ቀን 2013ን ነገር ለብቻው ላንሳው። የንጎክ ዲንካ ዋና አለቃ ኩኦል ዴንግ ኩኦል በሰላም አስከባሪዎች ታጅበው ይጓዙ ነበር። የታጠቁ ሚሴሪያዎች መንገድ ላይ አገዷቸው። የኢትዮጵያ መኮንኖች መደራደር ያዙ። ድርድሩ እየተካሄደ ሳለ ተኩስ ተከፈተ። አለቃው ተገደሉ። አንድ ኢትዮጵያዊ ሰላም አስከባሪም ሞተ። ሌሎችም ቆሰሉ።

እዚህ ላይ መኮንኖቹን መውቀስ ቀላል ነው። እኔ አልወቅስም። መሪ ጭኖ የሚሄድ ኮንቮይ ሲታገድ ሁለት መንገድ ብቻ አለ፤ መተኮስ ወይም ማነጋገር። ከተኮሰ በዚያች ሰዓት የአንድ ወገን ጦር ይሆናል። ከተነጋገረ ደግሞ ጊዜው በሙሉ የታጣቂው ነው። ይህ ምርጫ መወሰን የነበረበት መኪናው ከመነሳቱ በፊት ነው። መንገዱ ተጠርጓል? ከሚሴሪያ ሽማግሌዎች ማን አብሮ ይሄዳል? አየር ላይ የሚጠብቅ አለ? እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን ከሞተ ስንት ዓመት የሚደረግ ንግግር አብሮት ይሞታል። ከዚያ ቀን በኋላ በሁለቱ ሕዝቦች መሃል የነበረው መተማመን ለዓመታት አልተጠገነም።

የኃይል አጠቃቀም ነገር ከተነሳ ማላካልን ማለፍ አይቻልም። በደቡብ ሱዳን፣ በፌብሩዋሪ 2016፣ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ከ40,000 በላይ ተፈናቃይ ተጠልሎ ነበር፤ ሺሉኮች፣ ኑዌሮች፣ ዲንካዎች። ሰፈራቸው በብሔር የተከፋፈለ ነበር። የውጭው ጦርነት ወደ ግቢው ገባ። መጀመሪያ በወጣቶች መሃል ጠብ ተነሳ። ከዚያ የመንግሥት ወታደር ልብስ የለበሱ ታጣቂዎች አጥሩን አልፈው ገቡ። ድንኳኑ ተቃጠለ። 30 ሰው ሞተ። በቦታው የኢትዮጵያ፣ የሕንድና የሩዋንዳ ወታደሮች ነበሩ። ምርመራው ያገኘው መራራ ነው። ቦታውን ለቆ የሄደ አለ። ለመተኮስ የጽሑፍ ፈቃድ የጠየቀ አለ። ሲቪልን ለመጠበቅ ተኩስ የሚፈቅደው ደንብ ግን ወታደሩ ከመምጣቱ በፊት የተጻፈ ነበር። አንድ ሻምበል ደንቡን አንብቦ ካላመነበት፣ ወይም ከአገሩ «ሰው እንዳትነካ» የሚል ሌላ ትእዛዝ ከተሰጠው፣ ወረቀቱ ማንንም አያድንም። ወታደሮቻችን በብዙ ቦታ የተመሰገኑ ናቸው፤ ስለማላካል ግን በግልጽ መነጋገር አለብን።

ካርታው ሲገለበጥ

ለአሥር ዓመት የአብዬ ዕቅድ በአንድ ሐሳብ ላይ ቆሞ ነበር። ንጎክ በዚህ፣ ሚሴሪያ በዚያ፣ ጦሩ መሃል። አደጋ ከሰሜን ይመጣል ተብሎ ነው የታሰበው። ካምፑም፣ ቅኝቱም፣ ሪፖርቱም በዚያ ተቀርጾ ነበር።

በፌብሩዋሪ 2022 ጥቃቱ ከደቡብ መጣ። ያጠቁት ከጎረቤት ዋራፕ ግዛት የመጡ ትዊች ዲንካዎች ናቸው። ዲንካ ከዲንካ። ጠቡ የአጎክን አካባቢና የአኔትን ገበያ የሚመለከት ነው፤ ወሰኑ የት ነው፣ ግብሩን ማን ይሰበስባል የሚል። ከ2011 በኋላ ተፈናቃዩ የሰፈረባት፣ ሆስፒታል የነበራት አጎክ ባዶ ቀረች። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ በሁለት ቀን ጥቃት 52 ሰው መሞቱን የአብዬ አስተዳደር ተናገረ። በአጎክ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ካምፕ ተጠቅቶ አንድ ጋናዊ ወታደር ሞተ። በማግስቱ ቁስለኛና ሲቪል ሲያጓጉዝ የነበረ ፓኪስታናዊም ተገደለ። ከአጥቂዎቹ ጋር የኑዌር ታጣቂዎች እንደነበሩበትም ተነግሯል።

ለአንድ ሰከንድ ቆም ብለን እናስብ። በ2011 «ዐረብ ከአፍሪካዊ»፣ «ሙስሊም ከክርስቲያን»፣ «ሰሜን ከደቡብ» እየተባለ የተተረከው ግጭት፣ በ2022 አንድ ቋንቋ በሚናገሩ የአንድ ሕዝብ ልጆች መሃል ሆነ። ንጎክና ሚሴሪያ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ንግግር ተመለሱ። የብሔሩ ስም ቢቀየርም የሚያጣላው ነገር አልተቀየረም፤ መሬት፣ ገበያ፣ ግብር፣ እና ከበስተጀርባ ያለ ባለሥልጣን። ዕቅድ አውጪው ከስሙ ይልቅ እነዚህን ቢከታተል ኖሮ፣ የአኔት ገበያ ገቢ ላይ የነበረውን ክርክር አስቀድሞ እንደ ምልክት ሊያየው ይችል ነበር።

ጦሩ ራሱ ብሔር አለው

ይህን ክፍል መጻፍ ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ ያማል። ግን ያለ እሱ ትንታኔው ጎደሎ ነው።

ኢትዮጵያ ለአብዬ የተመረጠችው ካርቱምም ጁባም ስለተቀበሏት ነው። ያን ጊዜ ከሁለቱም ጋር ጥሩ ነበረች። ወታደሮቿም በአብዛኛው የገጠር ልጆች ናቸው። ከብት ምን እንደሆነ፣ ሽማግሌ ምን እንደሆነ የሚያስረዳቸው አያሻም። ይህ በዩኒፎርም ላይ የማይታይ ትልቅ ብቃት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ፈነዳ። በአል ፋሽቃ ድንበር ከሱዳን ጋር ፍጥጫ መጣ። በህዳሴ ግድብ ላይ ያለው ክርክርም ከረረ። ሱዳን የኢትዮጵያ ጦር ከአብዬ ይውጣልኝ አለች። በኦገስት 2021 መውጣቱ ተወሰነ። በዚያው ጊዜ ጦርነቱ ወደ ሰላም አስከባሪው ውስጥም ገብቶ ነበር። በፌብሩዋሪ 2021 በጁባ አውሮፕላን ማረፊያ 15 ወታደሮች ወደ አገር አንመለስም አሉ። በአብዬ ደግሞ በ2022 ከ500 በላይ የትግራይ ተወላጅ ሰላም አስከባሪዎች ጥገኝነት ጠየቁ። በአንድ ጉድጓድ ውስጥ አብረው ያደሩ፣ በአንድ ባንዲራ ሥር የሌላ አገር ሕዝብ ለማስታረቅ የመጡ ሰዎች፣ አገራቸው ሲቃጠል ወደ ቤታቸው መመለስ ፈሩ።

የሰላም ማስከበር ዕቅድ አውጪዎች ስለሚሄዱበት አገር ብሔር ብዙ ይጽፋሉ። ስለሚልከው አገር ብሔር የሚጽፉት ግን ጥቂት ነው። አብዬ ያሳየችው ይህን ክፍተት ነው። የአንድ አገር ጦር ብቻ ማሰማራት ጥቅም አለው፤ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ዕዝ፣ ፈጣን ውሳኔ። አደጋውም እዚያው ውስጥ አለ። ላኪው አገር ሲታመም ተልዕኮው በሙሉ ይታመማል።

ምትኩ ጦር ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽ፣ ከቬትናምና ከቻይና ተውጣጥቶ በ2022 ገባ። ርክክቡ የተካሄደው መቼ ነው? በዚያው በበጋው ወራት፣ የአጎክ እሳት በተነሳበት ዓመት። አሥር ዓመት የተከማቸ ትውውቅ፣ የትኛው ሽማግሌ ይታመናል፣ የትኛው መንገድ በየትኛው ወር ይዘጋል የሚለው እውቀት፣ አብዛኛው ከኢትዮጵያውያኑ ጋር አውሮፕላን ላይ ወጣ። ለሚቀጥለው እንዲተላለፍ ቢያንስ አንድ ሙሉ በጋ አብሮ መሥራት ያስፈልግ ነበር።

አሁን ያለበት

በኤፕሪል 2023 የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ጦርነት ከጀመሩ ወዲህ አብዬ ሌላ መልክ ይዛለች። ከሚሴሪያ ወጣቶች ብዙዎቹ ወደ ፈጥኖ ደራሹ ሄደዋል። ከሰሜን የሚሸሸው ሕዝብ በአብዬ በኩል ያልፋል። የአሚየት ገበያ ለትልቅ አካባቢ የስንቅ በር ሆኗል፤ መሣሪያም በዚያው ይገባል። በዲሴምበር 2025 ከአብዬ ውጭ፣ በደቡብ ኮርዶፋን፣ ካዱግሊ ከተማ ያለው የተልዕኮው ካምፕ በድሮን ተመትቶ ስድስት የባንግላዴሽ ሰላም አስከባሪዎች ሞቱ። ክላሽ ለያዘ ከብት ጠባቂ የተዘጋጀ ጦር ድሮን የሚመክትበት ነገር የለውም። ምሽግ ከላይ መሸፈን፣ ካምፕ መበተን፣ የአየር ላይ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ መያዝ ከአሁን በኋላ ለየትኛውም የብሔር ግጭት ተልዕኮ የግድ ነው።

በኖቬምበር 2025 የጸጥታው ምክር ቤት ተልዕኮውን ለአንድ ዓመት ሲያራዝም ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የአብዬን የጋራ ፖሊስ ያቋቁሙ፣ ወታደራቸውንም ያስወጡ አለ። ፖሊሱ በ2011 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ወረቀት ውስጥ ያለ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ አልተቋቋመም። ሁለቱም መንግሥታት የራሳቸው እሳት ውስጥ ናቸው፤ በአንድ ዓመት ያቋቁሙታል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ይመስለኛል። ምክር ቤቱ በዚህ ምክንያት ጦሩን ቢያስወጣ ቅጣቱ የሚያርፈው ካርቱምና ጁባ ላይ ሳይሆን ኪር ወንዝ ዳር ባለው ሰው ላይ ነው።

እስከዚያው የሚሠራው ነገር ከታች ያለው ነው። የተልዕኮው ፖሊሶች ከነዋሪው ጋር የሚያደራጇቸው የማኅበረሰብ ጥበቃ ኮሚቴዎች አሉ። ሌባ ይይዛሉ፣ ጠብ ያበርዳሉ። ደካሞች ናቸው፤ መኪና የላቸውም፣ የያዙትን ሰው የሚያስረክቡት ሕጋዊ ፍርድ ቤትም የለም። ለእነሱ ሬዲዮ፣ ሞተር ብስክሌት፣ ከሁለቱ ሕዝቦች የተውጣጡ የባህል ዳኞች የሚቀመጡበት ችሎት፣ የደም ካሳውም የሚመዘገብበት መዝገብ ቢሰጣቸው ወጪው ከአንድ ሄሊኮፕተር ኪራይ የሚበልጥ አይመስለኝም። ይህ ደግሞ መንጋው በኖቬምበር ከመውረዱ በፊት፣ መንገዱ ገና በጭቃ ተዘግቶ ሳለ መጀመር አለበት።